አንድ እጅ የማይዘጋው ቁስል

በ1934 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ከነቀምት የመጣ መርዶ ቤተ መንግሥቱን ሐዘን ላይ ጣለ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በወሊድ ምክንያት አረፉ። ዕድሜያቸው ገና 22 ነበር። በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረዋል። ከድል በኋላ ደግሞ ባለቤታቸው ዐቢይ አበበ ወለጋን እንዲያስተዳድሩ ሲሾሙ አብረዋቸው ሄዱ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ መሆንም ሆነ ነርስ መሆን ከወሊድ አደጋ አላዳናቸውም።

ነቀምት ከአዲስ አበባ ጋር የምትገናኘው በቡራዩ፣ በሆለታና በአምቦ በሚያልፈው መንገድ ነው። ያ መንገድ፣ በሰበታ በኩል ወደ ጅማ ከሚሄደውና እንጦጦን ተሻግሮ በሱሉልታ ወደ ጎጃም ከሚዘልቀው ጋር፣ ለሚቀጥሉት ሰማንያ ዓመታት የአንድ ሕክምና ታሪክ የተመላለሰበት መስመር ሆኗል። ይህ በከባድ ምጥ የሚመጣው የፌስቱላ ጉዳት ሕክምና ታሪክ ነው። በአገራችን የቡድን ሕክምና ከመመሪያና ከስብሰባ ቀድሞ እንዴት እንደተወለደ ማየት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚያገኝ አይመስለኝም። እዚህ ቡድኑን ያቋቋመው አዋጅ አልነበረም። ታካሚዋ ከኦፕራሲዮን በኋላም የሚጎድላት ነገር ሲታይ፣ ያንን የሚሞላ ባለሙያ አንድ በአንድ እየተጨመረ የመጣ ነው።

ለልዕልቲቱ መታሰቢያ

የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ለልዕልቲቱ መታሰቢያ የሚሆን ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ ማሰባሰቡን በግንባር ቀደምትነት መሩት። ከዓመታት ቅስቀሳ በኋላ በ1940ዎቹ አጋማሽ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል ተከፈተ። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው።

ሆስፒታሉ የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ሲፈልግ፣ ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ማስታወቂያ ወጣ። ማስታወቂያውን አይተው የመጡት ኒውዚላንዳዊው ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊንና አውስትራሊያዊቷ ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1959፣ በእኛ በ1951 ዓ.ም.፣ ትንሹን ልጃቸውን ሪቻርድን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ውላቸው የሦስት ዓመት ብቻ ነበር።

ሁለቱም ሲድኒ ውስጥ በትልቅ የወሊድ ሆስፒታል የሠሩ ናቸው። ፌስቱላ ግን በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር። ጉዳቱ የሚመጣው ምጥ ለቀናት ሲጠና ነው። የሕፃኑ ጭንቅላት ከእናቲቱ ዳሌ አላልፍ ብሎ ሲቀረቀር፣ የሽንት ፊኛዋን ከአጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። ደም የማይደርሰው ሥጋ ይሞታል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አይወለድም። ከቀናት በኋላ የሞተው ሥጋ ሲረግፍ በፊኛውና በብልቷ መካከል ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ጉዳቱ ወደ ኋላ ከዞረ ደግሞ ዓይነ ምድርም አይቋጠርም። አራስ ቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ የሚገባባት ሴት፣ ልጇን ቀብራ፣ ልብሷ እየራሰ፣ ከሰው ተለይታ ትቀመጣለች።

ይህን ጉዳት የመጠገን ሙያ በዓለም ላይ የኖረ ነው። ታሪኩ ግን በግፍ የጀመረ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ማሪዮን ሲምስ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አላባማ ውስጥ የስፌቱን ዘዴ ያገኘው በባርነት የተያዙ ጥቁር ሴቶችን ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ ኦፕራሲዮን እያደረገ ነበር። ከሴቶቹ የሦስቱ ስም ታውቋል፤ አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ። እ.ኤ.አ. በ1855 ኒውዮርክ ውስጥ የሴቶች ሆስፒታል ተከፈተና ብዙዎች ታከሙበት። ምጥ የጠናባትን ሴት በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ሲለመድ ግን በሽታው ከሀብታም አገሮች ጠፋ፤ ሙያውም አብሮት ተረሳ። ስለዚህ ሐምሊኖች ያረጁ ጽሑፎችን ማገላበጥ፣ በሙያው የታወቁትን የካይሮውን ፕሮፌሰር ናጊብ ማህፉዝን ሥራ ማጥናት ነበረባቸው። እኚህ ሰው በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነውን ደራሲ ሲወለድ ያዋለዱትና ስማቸው የተሰጠው ሐኪም ናቸው።

ሦስቱ መንገዶች

በአዲስ አበባ ሽንት የሚፈስሳትን ሴት የሚያድኑ ሐኪሞች አሉ የሚል ወሬ ወደ ገጠር መዝለቅ ጀመረ። በሱሉልታ በኩል የጎጃምና የሰላሌ፣ በሰበታ በኩል የጅማና የጉራጌ፣ በቡራዩ በኩል የአምቦና የወለጋ ሴቶች መምጣት ያዙ። የመኪና መንገዱ ላይ ለመድረስ ብቻ ቀናት በእግር የሚጓዙ ነበሩ። አውቶቡስ ሲገኝ ሌላው መከራ ይጀምራል፤ ተሳፋሪው ሽታውን አይችልም፤ ሴቲቱ በመንገድ የምትወርድበት ጊዜ ብዙ ነበር። ለጉዞው የሚሆን ገንዘብ በልመና የሚሰበሰብበት ዘመን ነው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ደግሞ አልጋ የለም። ያሉት አልጋዎች ምጥ ለያዛቸውና ለሌሎች ሕሙማን እንኳን አይበቁም። ፌስቱላ ዛሬ ካልታከመ ነገ የሚገድል ባለመሆኑ ተራው ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይገፋል። በዚያ ላይ ከሌሎች ሕሙማን ጋር አንድ ክፍል ሲተኙ መገለሉ እዚያም ይከተላቸዋል። ሐምሊኖች መፍትሔ ያሉት በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ለፌስቱላ ታካሚዎች ብቻ የሚሆን ማረፊያ መሥራት ነበር።

ማረፊያው ከተራ መጠባበቂያም አለፈ። በአንድ ጣሪያ ሥር የተሰበሰቡት ሴቶች እርስ በርስ ሲተያዩ፣ በሽታው የእነሱ ብቻ እርግማን እንዳልሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቁ። ምግብ በልተው ሰውነታቸው አገገመ። ኦፕራሲዮን ተደርጋ የዳነችው ገና ላልታከመችው ትተርካለች። ሐኪም ሊሰጠው የማይችለው ተስፋ ከታካሚ ወደ ታካሚ ይተላለፍ ጀመር። የኋላው ቡድን የመጀመሪያ ዘር የተዘራው በዚህ ማረፊያ ይመስለኛል።

ማሚቱ

እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ከመጡት አንዷ የ16 ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች። ስሟ ማሚቱ ጋሼ ይባላል። በመጀመሪያ ምጧ ለቀናት ተሠቃይታ ልጇን አጥታለች፤ የደረሰባት ጉዳትም ከባዱ ዓይነት ነው። ሐምሊኖች ደጋግመው አከሟት። በአንድ ኦፕራሲዮን የሚያበቃ አልነበረምና ማሚቱ ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ቆየች።

ስትቆይ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። አልጋ ታነጥፋለች፣ አዲስ የመጡትን ታጥባለች፣ ታጽናናለች። ማንበብና መጻፍ የማትችል፣ ትምህርት ቤት ያልገባች ልጅ ናት። ዶክተር ሬጅናልድ ግን የእጇን ብልሃትና የዓይኗን ንቃት አስተዋሉ። ኦፕራሲዮን ክፍል አስገብተው መሣሪያ ማቀበል አስጀመሯት። ከዚያ ክር መቁረጥ፣ ከዚያ ስፌት፣ ከዚያ እጇን ይዘው ከቀላሉ ወደ ከባዱ እያሸጋገሩ ሙሉውን ጥገና አስተማሯት። ከዓመታት በኋላ ወይዘሮ ማሚቱ ፌስቱላን ራሳቸው የሚጠግኑ፣ ከውጭ አገር የሚመጡ ስፔሻሊስቶችንም እጅ በእጅ የሚያሠለጥኑ ባለሙያ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ቢቢሲ ከዓመቱ መቶ ሴቶች መካከል ስማቸውን አሰፈረ።

ይህን ታሪክ እንደ ተአምር አድርጎ ማውራት የተለመደ ነው። ለእኔ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። በሆስፒታሎቻችን ሥልጣን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሐኪሙ ያዝዛል፣ ነርሷ ትፈጽማለች፣ ታካሚዋ ትቀበላለች። እዚህ ግን ታካሚዋ ከሥርዓቱ ግርጌ ተነሥታ የቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ዘንድ ደረሰች። የበሽታው እውቀት በመጽሐፍ ብቻ እንደማይገኝ፣ በሽታውን በገላዋ የኖረችው ሴትም ባለሙያ መሆኗን የተቀበለ ሆስፒታል ተፈጠረ ማለት ነው።

የራሳቸው ሆስፒታል

ታካሚው እየበዛ ሲሄድ ማረፊያው አልበቃም። ሐምሊኖች ቦታ ገዝተው፣ ከውጭና ከውስጥ እርዳታ ለምነው፣ ወንዝ ዳር የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1974 ነው። ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበት፣ ደርግ ሥልጣን የያዘበት ዓመት። ብዙ የውጭ አገር ዜጎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲወጡ ባልና ሚስቱ ቀሩ። ሦስቱ መንገዶች በኬላ ተሞሉ። ከቡራዩ አለፍ ብሎ ያለው የታጠቅ ጦር ሰፈር በ1969 ዓ.ም. ለሶማሊያ ጦርነት የሚዘምተው ሚሊሻ በመቶ ሺህ እየተቆጠረ የሚሠለጥንበት ሜዳ ሆነ። በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ግን ሴቶቹ መምጣት አላቋረጡም።

በዚያው ዘመን በሰበታው መንገድ ወልቂጤ አጠገብ ሌላ ትልቅ ነገር ተሠርቷል። የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 የእናቶች ማቆያ ከፈተ። ቤቷ ሩቅ የሆነ፣ ወሊዷም የሚያሰጋ ነፍሰ ጡር ምጥ ሳይመጣ በፊት መጥታ ሆስፒታሉ አጠገብ ትቆያለች። አዲስ አበባ ላይ የተጎዳችውን ሲጠግኑ፣ አጣጥ ላይ እንዳትጎዳ ይጠብቋት ነበር። እነዚህ ሁለት ሥራዎች የአንድ ሕክምና ሁለት ጫፎች መሆናቸው በሚገባ የታየው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋርዱ ቀረብ ብለን እንይ። ሴቲቱ መጀመሪያ ትመረመራለች። ቀዳዳው በዓይን ካልታየ ፊኛዋ ሰማያዊ ቀለም በተቀላቀለበት ውሃ ይሞላና ቀለሙ በየት እንደሚወጣ በጥጥ ይፈተሻል። ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ ፊኛው እንዲያርፍ በካቴተር ሽንቷ ወደ ውጭ ይመራል። ከአልጋው ሥር ሳህን ይቀመጣል፤ ሽንት በዚያ ጠብ ጠብ ይላል። ይህ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ሕጉ ሦስት ነገር ነው። ታካሚዋ ብዙ ውሃ ትጠጣ፣ ካቴተሩ ይፍሰስ፣ አልጋው ይድረቅ።

ጠዋት በራውንድ፣ ሌሊት በተረኛ የሚታየው ይኸው ነው። ካቴተሩ በሌሊት ከተዘጋ ፊኛው ይወጠራል፤ የቀዶ ሐኪሙ ሰዓታት የደከመበት ስፌት በአንድ ሌሊት ይፈታል። ስለዚህ ያንን ጠብታ የምትከታተለዋ ረዳት ነርስ የኦፕራሲዮኑ ግማሽ ናት። ረዳቶቹ አብዛኞቹ የቀድሞ ታካሚዎች ናቸው። የአዲሷን ታካሚ ቋንቋ የምታውቅ ትገኛለች። ልጅቱ ፈርታ ውሃ አልጠጣም ስትል አጠገቧ ቁጭ ብላ «አይዞሽ እህቴ፣ እኔም እዚሁ አልጋ ላይ ነበርኩ፤ ጠጪ» ትላታለች። ሽንቴ እንዳይፈስስ ብላ ለዓመታት ውሃ ስትሸሽ የኖረችን ልጅ ማንም ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው በትእዛዝ አያጠጣትም። ልጅቱ አምና የምትጠጣው በዚያ መንገድ ያለፈች ሴት ስትነግራት ነው።

ድና ስትወጣ አዲስ ቀሚስ ይሰጣታል፤ የመሳፈሪያ ገንዘብም። ያ ቀሚስ ከሐኪሙ መርፌ እኩል የሕክምናው ክፍል ነው። የረጠበ ልብስ ለብሳ ከሰፈሯ የወጣች ሴት በደረቅ ልብስ መመለሷን መንደሩ ማየት ነበረበት።

ከቀዳዳው መዘጋት በኋላ

ሆስፒታሉ ከሚያክማቸው ሴቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትን መጠገን መቻሉ በዓለም አሳወቀው። ነገር ግን «ተዘጋ» እና «ዳነች» አንድ አለመሆናቸውን ዋርዱ ራሱ አስተማረ።

አንዳንዶቹ እግራቸው ታጥፎ ደርቆ ይመጣሉ። ሽንቱ የሚቆም መስሏቸው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ጉልበታቸውን አጥፈው ተኝተዋል። ሌሎቹ ደግሞ በምጡ ጊዜ ወደ እግር የሚወርደው ነርቭ ተጎድቶ እግራቸውን ይጎትታሉ። ስፌት ለእነዚህ መራመድን አይመልስም። ስለዚህ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መጣ። ሴቲቱ መጀመሪያ መቀመጥ፣ ከዚያ በብረት ተደግፎ መቆም፣ ከዚያ መራመድ ትለማመዳለች። ሰውነቷ በረሃብ የከሳ ከሆነ ኦፕራሲዮኑ ሳምንታት ይጠብቃል፤ እስኪያገግም ድረስ ሥራው የምግብ ባለሙያውና የወጥ ቤቱ ነው።

ቀዳዳው ተዘግቶም ሽንት የማይቋጠርላቸው አሉ። ምጡ ፊኛውን ብቻ ሳይሆን የሚቋጥረውንም ጡንቻ አጥፍቶታል። ለእነዚህ የጡንቻ ልምምድ የሚያስተምር ሰው፣ ከዚያም የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት ያስፈልጋል። ፊኛቸው ፈጽሞ ለማይጠገን ጥቂቶች ደግሞ ሐኪሞቹ ሽንቱ በሆድ በኩል ወጥቶ ከረጢት ውስጥ እንዲጠራቀም ያደርጋሉ። ይህች ሴት ከረጢቱን እንዴት እንደምትቀይር፣ ቆዳዋን እንዴት እንደምትጠብቅ የሚያሳያት ነርስ ትሻለች። ኩላሊቷም ዕድሜዋን ሙሉ ክትትል ይፈልጋል።

ሌላው ቁስል ልብ ውስጥ ነው። ልጇን አጥታ፣ ባሏ ትቷት፣ ቤተ ሰቧ ከቤት ውጭ ጎጆ ቀልሶላት የኖረች ሴት ሽንቷ ስለቆመ ብቻ ሐዘኗ አይቆምም። አማካሪ መጣ። ፊደል የሚያስቆጥር መምህር መጣ። የእጅ ሥራ የምታስተምር ሴት መጣች። ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያርፉ፣ ሁለት ሐኪሞች የጀመሩት ሥራ የብዙ ሰው ሥራ ሆኖ ነበር። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ይሆናል።

ደስታ መንደር

የሽንት ከረጢት ይዘው የሚኖሩት ሴቶች ጉዳይ ግን መልስ አላገኘም ነበር። ወደ ገጠር ቢመለሱ የሚቀየር ከረጢት የለም፤ ሐኪም የለም። ሆስፒታል ውስጥ እንዳይኖሩ አልጋው ለአዲስ ታካሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 መንግሥት በሰጠው ቦታ ላይ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቡራዩን አልፎ በታጠቅ፣ ደስታ መንደር ተቋቋመ። ሃያ አምስት ዓመት ቀድሞ ሚሊሻ በተሠለጠነበት አካባቢ ሴቶች ቤት ተሠርቶላቸው፣ አትክልት እያለሙ፣ ላም እያለቡ፣ ነርስ አጠገባቸው ሆና መኖር ጀመሩ።

እዚህም ቡድኑ ከታካሚዎቹ ተማረ። መጀመሪያ ሐሳቡ ዘላቂ መኖሪያ እንዲሆን ነበር። ሴቶቹ ግን ከዓለም ተለይቶ መኖርን ሳይሆን ወደ ሰው መመለስን ነበር የሚሹት። ስለዚህ መንደሩ ቀስ በቀስ የማቋቋሚያና የሥልጠና ማዕከል ሆነ። ሴቶች ለተወሰነ ጊዜ ይቆያሉ፤ ምግብ ዝግጅት፣ ከብትና ዶሮ እርባታ፣ የአነስተኛ ንግድ ሂሳብ ይማራሉ፤ ከዚያ መነሻ ይዘው ራሳቸውን ችለው ይወጣሉ። የግብርና ሠራተኛውና የንግድ አሠልጣኙ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር በአንድ ሕክምና ውስጥ ገቡ። ሱቅ ከፍታ ራሷን የምታስተዳድር ሴት ሲያዩ፣ ሕክምናው የት ላይ እንደሚያበቃ ይገባል።

መንገዶቹን ተከትሎ

ከዚያ ጉዞው አቅጣጫ ቀየረ። እስከዚያ ሴቶች ወደ አዲስ አበባ ይመጡ ነበር፤ አሁን ሕክምናው ወደ እነሱ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2005 የባሕር ዳሩ የፌስቱላ ሆስፒታል ተከፈተ፤ የጎጃምና የጎንደር ሴት ዓባይን ተሻግራ በሱሉልታ በኩል እንጦጦ እስክትወጣ መከራ ማየቷ ቀረላት። መቐለና ይርጋዓለም ተከተሉ፤ ከዚያ ሐረር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ መቱ። በሰበታ ወይም በቡራዩ በኩል ቀኑን ሙሉ ትጓዝ የነበረችው የኢሉባቦር ሴት በቅርቧ ሐኪም አገኘች። በየሆስፒታሉም ያው ሥርዓት ተተከለ፤ ቀዶ ሐኪም፣ ነርስ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ አማካሪ፣ ከታካሚነት የመጡ ረዳቶች። ከባድ የሆነው ብቻ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ይደረጋል።

ሙያው ከአገር ወጥቶም ተስፋፋ። ከአፍሪካና ከእስያ የመጡ ሐኪሞች አዲስ አበባ ሠልጥነው ተመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም አቀፉ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን የፌስቱላ ቀዶ ሕክምና የሥልጠና መመሪያ ሲወጣ፣ አዲስ አበባ ከማሠልጠኛዎቹ አንዷ ነበረች።

አዋላጆቹ

ይህ ሁሉ ግን አንድ ነገር አልቀየረም። በየዓመቱ አዳዲስ ሴቶች ይጎዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በኢትዮጵያ ከመቶ ወላዶች በጤና ተቋም የሚወልዱት አምስቱ ያህል ብቻ ነበሩ። በእናቶች ጤና የሚሠሩ ባለሙያዎች ሦስት መዘግየቶችን ይቆጥራሉ። ቤት ውስጥ ወደ ሕክምና ለመሄድ መወሰኑ ይዘገያል፤ መንገዱ ያዘገያል፤ ተቋሙ ከደረሱ በኋላም እርዳታው ይዘገያል። ፌስቱላ የእነዚህ መዘግየቶች ድምር ነው። የትኛውም ቀዶ ሐኪም ብቻውን አያሸንፋቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2007 በዚያው በታጠቅ፣ ደስታ መንደር ግቢ ውስጥ፣ የሐምሊን የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ተከፈተ። ሐምሊኖች ወደ ኢትዮጵያ የመጡበት የመጀመሪያ ዓላማ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ነበር፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ዶክተር ካትሪን ወደዚያው ተመለሱ። ተማሪዎቹ ከየክልሉ ገጠር ይመለመላሉ፤ ተምረው በዲግሪ ይመረቃሉ፤ ከዚያ በመጡበት አካባቢ በጤና ጣቢያ ይመደባሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጀመሪያዎቹ 11 አዋላጆች ተመረቁ። በሥራቸው የልምድ አዋላጅና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አጋሮቻቸው ናቸው። የማሕፀን በር በስንት ሰዓት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደተከፈተ መዝግባ፣ ምጡ መስመር ሲስት አምቡላንስ የምትጠራው አዋላጅ ናት ፌስቱላን ገና ሳይፈጠር የምታክመው።

ሌላው የቡድኑ ክፍል ደግሞ በመንግሥት በኩል መጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ አሠልጥኖ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ የማድረግ መርሐ ግብር ተጀመረ። በወረዳ ሆስፒታል ምጥ የጠናባትን እናት በቀዶ ሕክምና የሚያዋልዱት ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው። ሙያ በማዕረግ ብቻ ሳይሆን በሚገባ በሠለጠነ እጅም እንደሚተላለፍ ወይዘሮ ማሚቱ ቀድመው ያሳዩት መንገድ ነው። ለውጡም ታየ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ሺህ ሕያው ውልደት 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ወደ 412 ወረደ። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2019 ከመቶ 48 ደረሱ።

ዛሬ

ዶክተር ካትሪን ሐምሊን መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው በአዲስ አበባ አረፉ። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ከተገኘ ገና አምስት ቀኑ ነበር። በሥራቸው ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች ታክመዋል። ለሦስት ዓመት መጥተው ከስልሳ ዓመት በላይ ኖሩ። ሥራው ግን በእሳቸው ዕረፍት አልቆመም። የቡድን ትክክለኛ ፈተናው መሥራቹ ሲያልፍ መቀጠሉ ነውና ይህን ፈተና አልፏል።

በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከሌሎቹ አጎራባች ከተሞች ጋር ተዋህደው የሸገር ከተማ ክፍል ሆነዋል። ትናንት የገጠር ሴት በአውቶቡስ የምታልፍባቸው ኬላዎች ዛሬ ሕዝብ የሞላባቸው ሰፈሮች ናቸው። ጤና ጣቢያም ሆስፒታልም አላቸው። ፋብሪካ የምትሠራ፣ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ የምትኖር፣ ከሩቅ አገር መጥታ ዘመድ የሌላት ነፍሰ ጡርም እዚያው ትወልዳለች። ለዋና ከተማ መቅረብ ብቻውን አያድናትም። ምጧ በሌሊት ሲጠና የሚያድናት አዋላጇ በጊዜ መወሰኗ፣ የአምቡላንስ ሾፌሩ መነሣቱ፣ ሪፈር የተጻፈበት ሆስፒታል ቀድሞ መስማቱ፣ የሰመመን ባለሙያውና ቀዶ ሐኪሙ በቦታቸው መገኘታቸው፣ በደም ባንክ ደም መኖሩ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ሁሉ ልፋታቸው ይባክናል።

የተባበሩት መንግሥታት ፌስቱላን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ግብ አስቀምጧል። ግቡ የሚደረሰው በተጨማሪ ኦፕራሲዮን ክፍል ብቻ አይደለም። የፌስቱላ ሆስፒታሉ ሰዎች ስልሳ ዓመት ሙሉ እያንዳንዷን ታካሚ ከኦፕራሲዮን በኋላ ምን እንደቀራት ሲጠይቁ ኖረዋል፤ መልሱ በመጣ ቁጥር መልሱን የሚሞላ ሰው ቀጥረዋል፣ አሠልጥነዋል፣ አንዳንዴም ከታካሚዎቹ መካከል አስነሥተዋል። በሸገር የሚሠሩም ሆኑ በሌሎች ከተሞች የሚከፈቱ ሆስፒታሎች ከሕንፃውና ከማሽኑ በፊት ይህን ጥያቄ የራውንዳቸው መጀመሪያ ቢያደርጉት፣ ነርሷን፣ አዋላጇን፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋንና ታካሚዋን ራሷን በዚያ ዙሪያ አቁመው ቢሰሙ፣ ብዙ እናቶች ሙሉ ጤና ይዘው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ይህን ለማድረግ የጎደለ እውቀት የለንም። በገዛ አገራችን፣ በገዛ ሴቶቻችን እጅ ተሠርቶ ታይቷል።